ቤቱን አዝሎ ለሚሄድ ሰው አሥር ምክር

ልጄ፣

አርቪ መግዛትህን የሰማሁት ከእናትህ ነው። «ቤት ግዛ ብንለው መኪና ገዝቶ ሊተኛበት ነው፤ ያበላሸኸው አንተ ነህ» ብላ ከአዲስ አበባ ደውላ ተቆጣችኝ። እህቴ አልተሳሳተችም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴና እኔ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ የምናሳልፈው ከሳን ዲዬጎ ወደ ደቡብ ወርደን፣ ባሃ ካሊፎርኒያ በሚባለው ቀጭን የሜክሲኮ ባሕረ ገብ ምድር ላይ፣ በረሃውና ባሕሩ በሚገናኙበት ዳርቻ ነው። የአሜሪካ ክረምት እዚያ እንደ እኛ በጋ ነው፤ ሰማዩ የጠራ፣ ቀኑ ለብ ያለ፣ ሌሊቱ ጋቢ የሚያስፈልገው። ሐምሌና ነሐሴ ግን እንደ አፋር ያነድዳል፤ አውሎ ነፋስም የሚያሰጋው ያኔና ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ ከኅዳር በፊት አትነሣ።

አንተን «ሜክሲኮን አታውቃትም» ልልህ አልችልም። ከታፓቹላ እስከ ቲዋና አቋርጠሃታል። ግን ያወቅካት በሌሊት፣ አንገትህን ደፍተህ፣ በደላላ እጅ ነው። አሁን ወረቀትህ ወጥቶልህ በጠራራ ፀሐይ፣ መሪውን ራስህ ይዘህ ልትሄድባት ነው። እኔ ደግሞ በጎረምሳነቴ በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ስለነበርኩ በረሃን ቀምሼዋለሁ። ቤቱን አዝሎ የሚሄድ ሰው አንድ ክፉ ሐሳብ ይጠናወተዋል፤ አልጋው፣ ምድጃውና ውሃው አብረውት ስላሉ ማንም የማያስፈልገው ይመስለዋል። በረሃው ይህን ሐሳብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያስጥለዋል። አንተ በውድ ሳትገዛው እንድታውቀው ይህን ጽፌልሃለሁ።

1. ከሞተሩ በፊት ወረቀትህን ፈትሽ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሜክሲኮ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። አንተ ግን በጥገኝነት ያገኘኸው ስለሆነ በየትኛው የጉዞ ሰነድ ወጥተህ መመለስ እንዳለብህ አስቀድመህ ጠበቃህን ጠይቅ። አብሬህ ልሂድ የሚለው ጓደኛህ ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ከሆነ ይቅርበት። የጥገኝነት ጥያቄው ሳይወሰን ያለ ፈቃድ ከአሜሪካ የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠርበታል። ለአንድ ሳምንት የባሕር አየር ብሎ የዓመታት ልፋቱን አይበትን።

ድንበሩ ላይ ማንም ላያስቆምህ ይችላል። አንተ ግን ቁም። ኢሚግሬሽን ቢሮ ገብተህ የቱሪስት ፈቃድህን አውጣ፤ ከ7 ቀን በላይ ለመቆየት ይከፈልበታል፤ ጣሪያው 180 ቀን ነው። ባሃ ውስጥ ለመኪናው የተለየ ፈቃድ አያስፈልግም። ባሕሩን ተሻግረህ ወደ ዋናው ምድር ከዘለቅህ ግን ያስፈልጋል፤ ለአርቪ የሚሰጠው 10 ዓመት ያገለግላል። የአሜሪካ ኢንሹራንስህ እዚያ ዋጋ ስለሌለው የሜክሲኮውን ግዛ። ሰው የተጎዳበት አደጋ ከደረሰ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስኪጣራ ሹፌሩ ሊታሰር ይችላል። የገዛኸው ያገለገለ መኪና ነውና መሳቢያዎቹን ሁሉ በርብር። የቀድሞው ባለቤት ረስቷት የሄደ አንዲት ጥይት እንኳ መዘዝ ታመጣለች።

2. መኪናህ ሰፊ፣ መንገዱ ጠባብ መሆኑን አትርሳ።

ባሕረ ገብ ምድሩን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ቁጥር 1 በ1973 ነው ተሠርቶ ያለቀው፤ ርዝመቱ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስፋልቱ በብዙ ቦታ ለሁለት መኪና ብቻ የሚበቃ ነው፤ ዳር የሚባል ነገር የለውም፤ ከነጩ መስመር ቀጥሎ ገደል ወይም አሸዋ ነው። የአንድ መኪና መተላለፊያ ሦስት ሜትር ያህል ነው። አርቪህ ያለ ስፖኪዮው ወደ 2.6 ሜትር ይሰፋል። ቀሪውን ራስህ አስላው። እኔ ያሰላሁት ከፊት የመጣ አውቶቡስ የግራ ስፖኪዮዬን እንደ እንጨት ቀንጥቦ ከሄደ በኋላ ነው። ከባድ መኪና ሲመጣ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ወደ ቀኝ መስመሩ ተጠጋ፣ መሪህን ሳታወላውል ያዝ።

ፍሬቻ እዚያ ሌላ ቋንቋ አለው። ከፊትህ የሚሄደው የጭነት መኪና የግራ ፍሬቻውን ካበራ «መንገዱ ክፍት ነው፣ እለፍ» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ግራ ሊታጠፍ መሆኑም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የራስህን ዓይን ሳታምን አትቅደም። አንተም ከኋላህ መኪና እያለ የግራ ፍሬቻህን በከንቱ አታብራ፤ «እለፍ» ያልከው መስሎት ጎንህ ላይ ይወጣል። ወደ ግራ መታጠፍ ካለብህ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገህ ቀኝህን ይዘህ ቁምና ሁሉም ይለፍህ።

«ቫዶ» የሚል ምልክት ስታይ መንገዱ ወደ ደረቅ ወንዝ ሊወርድ ነው ማለት ነው። ዝናብ ከጣለ ያ ደረቅ ወንዝ በደቂቃ ይሞላል። «እንደ ሀገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» የተባለው ለዚህ ነው፤ የአገሬው ሹፌር ካልተሻገረ አንተም አትሻገር። ሳንታ ሮሳሊያ ከመድረስህ በፊት ደግሞ «የሲኦል ቁልቁለት» የሚሉት ጠመዝማዛ አለ። ሊማሊሞን በማርሽ እንጂ በፍሬን እንደማይወርዱት ለአንተ መንገር የለብኝም።

3. ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁም።

በአስፋልቱ ግራና ቀኝ አብዛኛው ቦታ አጥር የለም። ቀኑን የፈለገበት ሲግጥ የዋለ ከብት ማታ ሙቀት ፍለጋ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ጥቁር ላም፣ ጥቁር መንገድ፣ ጥቁር ሌሊት፤ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። በሌሊት መንዳት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በታኅሣሥ ቀኑ አጭር ነው። በዚያ ላይ 28ኛው ትይዩ፣ ጌሬሮ ኔግሮ ከተማ መግቢያ ላይ፣ ሰዓቱ በአንድ ይለወጣል። የእኔ ሕግ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጎማው መቆም አለበት የሚል ነው።

ሌሊት ለአንተ አንድ ጊዜ መሸሸጊያ ሆኖህ ነበር፤ አልረሳሁትም። አሁን ግን የሚያሳድድህ የለም።

4. ግማሽ የሆነ ታንከር ባዶ ነው በል።

ከኤል ሮሳሪዮ ተነሥተህ ወደ ደቡብ ስትሄድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ማደያ የማታይበት በረሃ አለ። ማደያ አየሁ ብለህም አትተማመን፤ ቤንዚን ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ኤል ሮሳሪዮ ላይ ታንከሩን እስከ አፉ ሙላ። አረንጓዴው እጀታ መደበኛ ቤንዚን ነው፤ ቀዩ ፕሪሚየም፣ ጥቁሩ ናፍጣ። ቀጂው ቱቦውን ከመክተቱ በፊት ቆጣሪው ዜሮ መሆኑን ቆመህ እይ፤ ሲጨርስ ጥቂት ሳንቲም አኑርለት።

በመጀመሪያው ዓመት እኔ ኤል ሮሳሪዮን «ይበቃኛል» ብዬ አለፍኩ። ካታቪኛ ስንደርስ መርፌው ቀዩን ነክቷል። ቦታው ውብ ነው፤ ቤት የሚያካክሉ ድንጋዮች ተከምረው፣ በመካከላቸው እንደ ተገለበጠ ካሮት ወደ ሰማይ የሚቀጥን ሲሪዮ የሚሉት ዛፍ ቆሞበታል። እኔ ግን ውበቱ አልታየኝም። መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ፒካፑ ላይ በርሜል ጭኖ በጥላው ተቀምጧል። ሳይናገር ተነሣ። አንገቱ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣ፤ አዲስ አበባ ብንሆን ሃይላንድ የምንለውን ማለት ነው። አፉ ላይ ነጭ ጨርቅ አሰረበት፣ ታንከሬ ውስጥ ሰካው፣ ቤንዚኑን ከጀሪካን ቀስ እያለ አፈሰሰ። ሲጨርስ ጨርቁን ፈትቶ አሳየኝ፤ መሐሉ ላይ ጥቂት ዝገት ቀርቶበታል። «ይህ ሞተርህ ውስጥ አልገባም» ማለቱ ነበር። ዋጋው ከማደያው ይበልጣል። ከፈልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሳያስፈልገኝም ትንሽ ሳልቀዳ አላልፍም። እዚያ የተቀመጠው ለሰነፍ ሹፌር ነውና እሱን በሕይወት ማቆየት ለሁላችንም ይጠቅማል።

5. ባሕሩ ሲስቅልህ አትመነው።

ሳን ፌሊፔ ላይ፣ ከባሃ በስተምሥራቅ ባለው ባሕረ ሰላጤ ሰሜን ጫፍ፣ ውሃው ሲሞላና ሲሸሽ ልዩነቱ ከ6 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ሲሸሽ ጀልባዎቹን ጭቃ ላይ ጥሏቸው በዓይን እስኪርቅ ይሄዳል። እኔ ያን ለጥ ያለ እርጥብ አሸዋ ሳይ የአስፋልት ያህል ጠንካራ መሰለኝና ለባለቤቴ «ፊት ለፊት እናድርጋት» ብዬ ወረድኩ። ቡና ስንጠጣ ውሃው በሩቅ ነበር። ስኒውን ሳናጥብ የኋላ ጎማ ደረሰ። ሞተር አስነሣሁ፤ ጎማው እዚያው ፈተለ፣ መኪናው ቁጭ አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ይህንን ነው።

ያወጡን ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ጀልባቸውን ወደ ውሃ የሚገፉበት አሮጌ ፒካፕ ነበራቸው። አንዱ ልጅ ዘሎ ወርዶ የአርቪዬን ጎማ እየዞረ አየር አስተነፈሰ፤ ሁለቱ በእጃቸው አሸዋውን ጫሩ፣ አንዱ ገመድ አሰረ። ከዚያ ወዲህ አሸዋ ከመግባቴ በፊት ወርጄ በእግሬ እሄድበታለሁ። ተረከዜ ከገባ መኪናዬ አይገባም። አንተም አየር መሙያ፣ አካፋ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ደህና ክሪክና ያልተበላ ስኮርታ ያዝ። እኛ ጎሚስታ የምንለውን እነሱ ያንቴራ ይሉታል፤ በየመንደሩ መግቢያ የተሰቀለ አሮጌ ጎማ ምልክቱ ነው። አውራ ጎዳና ላይ ከተበላሸህ «አረንጓዴ መላእክት» የሚባሉ የመንግሥት የመንገድ ረዳቶች አሉ፤ ስልካቸው 078 ነው። ግን በረሃው ውስጥ ኔትወርክ ከሌለ መልአኩ የሚመጣው በሚያልፍ ፒካፕ ነው።

6. ውሃህን በሦስት መልኩ እወቀው።

የምትጠጣው፣ የታጠብክበትና የሽንት ቤቱ፤ ሦስቱም ታንከር አላቸው፣ ሦስቱም ይሞላሉ ወይም ያልቃሉ። ለመጠጥ በየከተማው የተጣራ ውሃ የሚሸጡ ሱቆች በ20 ሊትር ጀሪካን ይሞሉልሃል። ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ፤ ቧንቧ አየሁ ብለህ ከማታውቀው አትቅዳ። የሽንት ቤቱን ታንከር ለማፍሰስ የተዘጋጀ ቦታ ጥቂት ነው፤ በሌሊት አሸዋ ላይ ለቆ የሚሄድ እንግዳ አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ከዳር እስከ ዳር የሁላችንን ስም ያጠፋል። የካምፕ መብራት ሲያገኙ ዝም ብለው አይሰኩትም። ቮልቴጁ ይወርዳል ይወጣል፣ አንዳንዱ ሶኬት ሽቦው ተገላብጦ የተሠራ ነው። መሞከሪያ ይኑርህ፤ ከተቻለህ ጣሪያህ ላይ ሶላር አድርግ። እዚያ የማይጓደል ነገር ቢኖር ፀሐይ ነው።

7. ኬላ ላይ ልብህን አሳርፍ።

በመንገዱ ላይ የወታደር ኬላዎች አሉ፤ መሣሪያና አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚፈልጉት። ወታደሩ ብዙ ጊዜ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። «ዴ ዶንዴ ቪዬኔ? አ ዶንዴ ቫ?» ይልሃል፤ ከየት ትመጣለህ፣ ወዴት ትሄዳለህ ማለቱ ነው። ጥያቄውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ ልብህም እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። መነጽርህን አውልቅ፣ መስኮቱን አውርድ፣ «ቡዌኖስ ዲያስ» በል፤ ከዚያ «ከሳን ፌሊፔ፣ ወደ ሙሌሄ፣ ቫካሲዮኔስ» በለው። ልፈትሽ ካለ ይግባ፤ አንተም አብረኸው ግባ። የሚያስገርመው አልጋህና መጥበሻህ እንጂ አንተ አይደለህም። አንዱ ወጣት የባለቤቴን ጀበና አንሥቶ አገላብጦ አየና በሁለት እጁ መለሰው።

በባሃ ሁለቱ ክፍላተ ሀገር ወሰን ላይ ደግሞ የፍራፍሬ ዝንብን ለመከላከል ብርቱካንና ሎሚ ይወስዳሉ። አትከራከር፤ አስቀድመህ ብላው።

8. ነፋሱ ቀጠሮህን ሲሰርዝ አሜን በል።

ክረምት ላይ ከሰሜን የሚነሣ ብርቱ ነፋስ አለ፤ «ኤል ኖርቴ» ይሉታል። ሲጀምር ሁለት ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ከመኪናው ጎን የዘረጋኸውን ሸራ ጠቅልል፣ ወንበርህን አስገባ፣ የመኪናህን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙር፣ ተኛ። አርቪ ማለት ጎኑ ሸራ የሆነ መርከብ ነው፤ በዚያ ነፋስ መንገድ ላይ መውጣት ከመሪው ጋር መታገል ነው። ነፋሱ ሲያልፍ ባሕሩ እንደ መስታወት ይሆንልሃል። ስትገባበት እግርህን እያነሣህ አትርገጥ፤ አሸዋው ላይ እየጎተትክ ሂድ። ከአሸዋው ሥር የሚተኛ ጅራቱ እሾህ የሆነ ጠፍጣፋ ዓሣ አለ፤ ሲነኩት ይሸሻል፣ ሲረግጡት ይወጋል። ከወጋህ እግርህን የምትችለውን ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ክተት፤ ሕመሙን ያበርደዋል፤ ከዚያ ሐኪም ፈልግ።

9. ዓሣ ነባሪው እስኪመጣ ጠብቅ።

ከጥር እስከ መጋቢት ከሆነ ሳን ኢግናሲዮን ሳታይ አትለፍ። ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ከአላስካና ከሳይቤሪያ አካባቢ ከሚገኘው ቀዝቃዛ ባሕር በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ዋኝተው በባሃ ምዕራብ ዳርቻ ባሉ ሐይቅ መሰል ወሽመጦች ይወልዳሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳኞች እነዚሁ ወሽመጦች ውስጥ ገብተው ሊያጠፏቸው ምንም አልቀራቸውም ነበር። እናቲቱ ለልጇ ስትል ጀልባ ስለምትሰባብር «የሰይጣን ዓሣ» የሚል ስም አወጡላት። በ1972 ግን ፓቺኮ ማዮራል የሚባል የሳን ኢግናሲዮ ዓሣ አጥማጅ አንዷ ጀልባው ሥር መጥታ አልሄድ ስትለው እጁን ዘርግቶ ነካት። ዛሬ ፈቃድ ያላቸው ጀልበኞች ይዘውህ ይወጣሉ፤ ሞተሩን ቀንሰው ይጠብቃሉ። ማሳደድ የለም። ከፈለገች ትመጣለች፣ ልጇንም ታመጣለች። እኔን ያየችኝ ዓይን የብርቱካን ያህል ነበር፤ ምን ብላ እንዳየችኝ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

10. ዕዳ ሳትገባ አትመለስ።

ከሙሌሄ ደቡብ ኮንሴፕሲዮን ወሽመጥ አለ። ሳንቲስፓክ፣ ኤል ኮዮቴ፣ ኤል ሬኬሶን የሚባሉ ዳርቻዎች ተደርድረውበታል። ፓላፓ የሚሉት በዘንባባ የተከደነ ዳስ አለ፤ ማታ ማታ አንድ ሰው መጥቶ ጥቂት ፔሶ ይቀበልሃል። እኛ የምንሰፍረው ኤል ኮዮቴ ነው። ጎረቤታችን ዓሣ እየያዘ የሚሸጥ የሙሌሄ ሰው ከነቤተሰቡ ነበር።

ጃንዋሪ 6 ለእነሱ የሦስቱ ነገሥታት በዓል ነው፤ ለእኛ ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ። አመሻሹ ላይ የዓሣ አጥማጁ ሚስት እንደ ቀለበት ክብ የሆነ፣ ከላይ በስኳር የራሰ ፍራፍሬ የተለጠፈበት ዳቦ በሰሃን ይዛ መጣች። «ሮስካ» ይሉታል። እንቁላልና ቅቤ አለበት። ባለቤቴ ደግሞ ጾመኛ ናት፤ ጾሙን ከዓሣው ዳር ተቀምጣ በሽሮ የገፋች ሴት በመጨረሻዋ ማታ ልትገድፍ አትችልም። ስፓኒሽ ስለሚያጥረን ሁለታችንም «ማኛና፣ ማኛና» አልናት። ነገ፣ ነገ። እዚያ አገር ይህ ቃል ብዙ ጊዜ «አይሆንም» የሚባልበት ዘዴ ነው። ፊቷ ወደቀ፤ ሰሃኑን አስቀምጣ ሄደች።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም። ሲነጋ ባለቤቴ ቀሚሷን ለበሰች፣ ከሰል አያያዘች፣ ቡናውን ቆልታ ጢሱን በነፋሱ አቅጣጫ ወደ ጎረቤት ዳስ ላከችው። መጡ። ሮስካውን እፊታቸው ቆረስነው። እኔ ሁለት ጊዜ እንደጎረስኩ ጥርሴን አንድ ነገር ነካው፤ ሳወጣው ጣት የማታክል የፕላስቲክ ሕፃን ናት። ልጆቹ ጮኹ፣ አባትየው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ለካ ሕፃኗ የደረሰችው ሰው ፌብሯሪ 2 ቀን ታማሌ የሚሉትን በበቆሎ ልባስ የሚጠቀለል ምግብ ደግሶ ሁሉንም ማብላት አለበት። እኛ የምንነሣው ጥምቀት ሲያልፍ ነበር። ታማሌ መሥራትም አናውቅም።

አልተነሣንም። ቀኑ ሲደርስ ሴትየዋ የበቆሎ ልባስና ሊጥ ይዛ በጠዋት መጥታ ባለቤቴን እያሳየች አስጠቀለለቻት፤ ባለቤቴ ደግሞ መሐሉ ላይ በርበሬ የገባበት የዶሮ ወጥ ጨመረችበት። ዓሣ አጥማጁ የመጀመሪያውን ጎርሶ ዝም አለ፣ ውሃ ጠጣ፣ ሁለተኛውን አነሣ። አየህ፣ የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን ቤቴን በአራት ጎማ ጭኜ ማንም አያስፈልገኝም ባልኩበት አገር ነው።

ዘንድሮም ኤል ኮዮቴ ነን። በአውራ ጎዳናው ስትመጣ ባሕሩ በግራህ ይሆናል፤ ሦስተኛው ዳስ አጠገብ ቀኝ ስፖኪዮው ከግራው የማይመሳሰል ነጭ አርቪ ታያለህ፤ ግራው ነው አዲሱ። ከጃንዋሪ 6 በፊት ድረስልን። የምትጾም ከሆነ የሮስካ ድርሻህን እስከ ንጋት እናስቀምጥልሃለን። የማትጾም ከሆነ ደግሞ ብላ፤ ለባለቤቴ ግን አትንገራት።